ለማስተማሪያ ሌባ ያደረግኳቸው ሴት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ላይ፣ ዳላስ ውስጥ ሰው ከሥራ እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ለባለቤቴ እንኳን እስካሁን አልነገርኳትም። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የመንገደኞች ሸትል እነዳለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ፕሌኖ ውስጥ አንድ ድርጅት ከሆላንድ ላመጣቸው ስድስት ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አዲስ አበባ እያለሁም ሥራዬ ይኸው ነበር። ሸትል ላይ ቀና ብሎ የማያየኝ ፈረንጅ እዚያ "ቲቸር" ሲለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደረቴ ይነፋ ነበር። ያንን ሥራ ላለማጣት የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ፣ ሆላንዶቹ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። የሚጎድላቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። አንደኛዋ፣ ረጅሟ፣ መኪናዋን ሌባ ሰብሮባት ለፖሊስ ማስረዳት አቅቷት ስለነበር "የወንጀል ቃላት አስተምረን" አለችኝ። እኔም ሌብነት፣ ተጠርጣሪ፣ ምስክር የሚሉትን ቃላት "ቦርሳውን የወሰደችው ሴት"፣ "ምስክሩ ያየው ሰው" ከሚለው ዓይነት አነጋገር ጋር ላጣምረው አሰብኩ። ለዚህ ሌባ ያስፈልገኛል። እሱ ገብቶ ቦርሳ አንስቶ ይወጣል፣ እነሱ መልኩን ይጽፋሉ።

ዓይኔ እትዬ ዘይነባ ላይ አረፈ። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ሃምሳን ያለፉ። ኮምቦልቻ የቀረች ልጃቸውን ለማምጣት የኢሚግሬሽን ፕሮሰስ ጀምረው ነበር። ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ወረቀቷ መግባት አለበት፤ የቀራቸው ከአሠሪያቸው የሚጻፍ የሥራ ደብዳቤ ብቻ ነው። ፎርሙን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ።

"ወላሂ አልችልም" አሉኝ። "በጨዋታም ቢሆን እጄ የሰው ዕቃ ነክቶ አያውቅም።"

"ኧረ እትዬ፣ ትምህርት እኮ ነው! ሁለት ደቂቃ!"

"የሰው አገር ነው ልጄ።"

"እኔ እያለሁ ማን ይነካዎታል?" አልኩ። አስተማሪ ሲለምን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው። እሺ አሉኝ።

ማክሰኞ ገቡ። ጥቁር ቦርሳ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወጡ። ተማሪዎቹ ደነገጡ፤ ነገሩ ሲገባቸው እየሳቁ ጻፉ። ቦርሳውን ሲመልሱ አጨበጨቡላቸው። እትዬ ዘይነባም በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። የተሻለውን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፦ "ቦርሳውን የሰረቀችው ሴት አጭር ናት፤ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች አፍሪካዊት ናት።" እዚያው ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ስደርስ የጽዳቱ ሱፐርቫይዘር፣ የሕንፃው ጥበቃና እኔን የቀጠረችኝ ኃላፊ ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። እትዬ ዘይነባ ጥግ ይዘዋል። ለካ ረቡዕ ከዚያው ፎቅ ላይ ላፕቶፕ ጠፍቶ ኖሯል፤ ጥበቃውም ወረቀቱን አንብቦታል። "ከዚህ ክፍል ቦርሳ ወስደሻል?" ሲሏቸው፣ ውሸት የማያውቁት ሴት "የስ" ብለዋል። "ቲቸር ሴይ" ብለው ደግሞ እኔን ጠርተዋል።

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። የጽዳት ሠራተኛ ስብሰባና ትምህርት ያለበት ክፍል እንዳይገባ ሕግ አለ። የኔ ኮንትራት ደግሞ በሳምንቱ ሊታደስ ነው።

"አንተ ነህ ያስገባሃት?"

አንድ "አዎ" ይበቃ ነበር። ስድስቱ ምስክሮች እዚያው ፎቅ ላይ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ብጠራቸው በደቂቃ ይመጡ ነበር።

"ኖ" አልኩ። "ጽሑፉ ፈጠራ ነው። ሴትየዋን አላውቃትም።"

እትዬ ዘይነባ ፊቴን አዩኝ። "ልጄ፣ ምን አልካቸው?" አሉኝ በአማርኛ።

"ምን አለችህ?" አለች ኃላፊዋ።

"ቋንቋዋን አልችልም" አልኳት። የእናቴን ቋንቋ ካድኩ! አፌን በቆረጠው ይሻል ነበር።

የሥራ መታወቂያ ባጃቸውን ተቀበሏቸው። ጥበቃው እስከ በሩ ወሰዳቸው። እኔ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንስቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ረጅሟ ተማሪዬ "ሴትየዋስ?" ስትለኝ "የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች" አልኳት። ደስ አላት፣ ምስኪን።

ላፕቶፑ በሁለተኛው ሳምንት ከባለቤቱ መኪና ወንበር ስር ተገኘ። እትዬ ዘይነባን መልሶ የጠራ ግን የለም። በሌብነት ለተባረረ ሰውስ ማን ደብዳቤ ይጽፋል? የኔ ኮንትራት ታደሰ።

ከዚያ ወዲያ አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ስሜ እስኪነሳ ስጠብቅ ከረምኩ። ወፍ የለም! በዓመቱ ገደማ አብሮኝ ሸትል የሚነዳ የወሎ ልጅ ወሬያቸውን ነገረኝ። ልጅቷ ሃያ አንድ ሞልቷት ጉዳዩ ተበላሽቷል። እሳቸው አሁን አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ይጦራሉ።

"ለምን ነበር የተባረሩት?" አልኩት እያወቅኩ።

"በራሴ ጥፋት ነው ይላሉ" አለኝ። "የሰው ስም አያነሱም።"

ስልካቸውን ከሱ ተቀብያለሁ። ይኸው ስንት ዓመት፣ አልደወልኩም። "ዝም አይነቅዝም" ይላል ያገሬ ሰው፤ የኔ ግን ነቅዟል። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ እችለዋለሁ። "ምንም አይደል ልጄ" ያሉኝ እንደሆነስ? እሱን ነው የምፈራው።