ባቄላ ወይስ ስንዴ?

አሰላ ዳር ያለው የዱቄት ፋብሪካችን በምርጫው ሰሞን ሠርግ እንዳለበት ቤት ሽር ጉድ ይል ነበር። ባለቤቱ መጋዘኑን አስለቅቆ ፓርቲዎች እንዲከራከሩበት ፈቀደ፤ ለገዢውም ለተቃዋሚውም ያው ወንበር፣ ያው ማይክ። ወዳጆቹ «ምን አገባህ፣ ዱቄትህን ሽጥ» ቢሉት፣ «የሚመርጠው ዱቄቴን የሚበላው ሰው አይደል እንዴ?» አላቸው። በሩ ላይም «ድምፅዎን በነፃነት ይስጡ» የሚል ባነር ሰቀለ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። እኔ ጆንያ ሰፊ ነኝ። ማታ ከሥራ ስንወጣ ሴቶቹ ተያይዘን፣ በጨለማ፣ ጅብ እየጮኸብን ነው ቤታችን የምንገባው። ሰርቪስ ይመደብልን ብለን ለሠራተኛ ተወካያችን ስንነግራቸው «እሺ» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ተወካያችን የመጋዘን ኃላፊው ናቸው፤ አንቱ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የባለቤቱን እህት ያገቡ። ሁልጊዜ የሚመረጡት ደግሞ ባለቤቱ ፊት እጅ በማውጣት ነው። እሱ ፊት እጁን የሚያጥፍ ማን አለ?

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ንዴቴ ቀደመኝና ብድግ አልኩ። «ባነሩ ለከተማው ብቻ ነው ወይስ ለእኛም ይሠራል?»

ባለቤቱ «ይሠራል» አለ። እኔም ሳላስበው እጩ ሆኜ አረፍኩት።

ማንበብ የማይችሉም ስላሉ ምርጫው በእህል እንዲሆን ተስማማን። ለየሰዉ አንድ ፍሬ ስንዴና አንድ ፍሬ ባቄላ ታደለ፤ ስንዴው የሽማግሌው፣ ባቄላው የእኔ። ከጆንያ ክምር ጀርባ ብቻህን ገብተህ የመረጥከውን ካርቶን ውስጥ ትጥላለህ፣ ሌላውን ኪስህ ትከታለህ። ቀላል ነገር ነበር።

ካርቶኑ ሲገለበጥ ስንዴውና ባቄላው እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ለካ ሰው ሁሉ፣ አንዳችንም እንዳንቀየም፣ ሁለቱንም ጥሎ ወጥቷል። ይሉኝታ ይዞኝ እኔ ራሴ ስንዴዬን ጨምሬ ነበር። ባለቤቱ ሳቁ ሲበርድለት «ቶሌ፣ እሺ፣ እንደገና» አለ። «እዚያ ጀርባ ማንም አያያችሁም፤ የሚቀየም የለም።»

በሁለተኛው ዙር ባቄላው በለጠ። ከቢሮ ሰዎች አንዱ ጠጋ ብሎ «ዘመድዎ ናቸው እኮ» ቢለው፣ ባለቤቱ «ከተማውን በነፃነት ምረጥ ብዬ እዚህ ልሽረው?» አለና እጄን ጨበጠኝ። እኔ ግን የሽማግሌውን አንገት መድፋት ሳይ ደስታዬ ወዲያው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ወደ መስፊያዬ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«የምን ይቅርታ፤ ተወካዬ ነሽ» አሉ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰርቪሱን ስትጠይቂ በእኔም ሰፈር እንዲያልፍ ንገሪልኝ። ይህን ጉልበት ይዤ ስንት ዓመት በእግሬ ተመላለስኩ። አማች አማቹን እንዴት ብሎ ይጠይቃል?»

ከሰዓት ሰርቪሱን ልጠይቅ ባለቤቱ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የጠራሁት የእሳቸውን ሰፈር ነው።