አሥራ አምስት ቀን ያልተለወጠው ቁጥር

ያልሰረቅኩትን ሰረቅህ ተብዬ የስደተኛ ካርዴን ተቀማሁ፤ ከረፋድ ጀምሮም በር ተቆልፎብኝ ፖሊስ ስጠብቅ ዋልኩ። ይህ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ሰኔ 24፣ ሐሙስ ዕለት፣ ኻርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ነው። የማልረሳው ስለተበደልኩ ብቻ አይደለም። የተበደለ ሐበሻ ኻርቱም ሞልቷል። የማልረሳው ሊያስበላኝ የነበረውም ያወጣኝም አንድ ደብተር ስለሆነ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እዚያው ሳጃና፣ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ቤት፣ ከቤት ሠራተኛ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። አማርኛውን ቻልኩት። የእንግሊዝኛውን ፊደል የሚያስተምረኝ ግን አላገኘሁም።

የምሠራው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ባለቤቱን ሐጅ እንለዋለን። የምጠርግ እኔ፣ ጠዋት የምከፍት እኔ፣ ማታ የምቆልፍ እኔ። ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው ያሲር ነው። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ ዘይነብ የከሚሴ ሰው ናት፤ ከደጃችን ሻይ ትሸጣለች። ያሲር አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። «አሞ» ይለኛል፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

ሒሳብ የሚከፈልበት ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያሲር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ይመጣል። በግራ በኩል ከፊደልና ከነጥብ የተሠራ ሥዕል አለ። በቀኝ በኩል የማሽኑ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ስንት ራም እንዳለውና ስንቱ እንደተያዘ በየመስመሩ ይጻፋል። ራም ማሽኑ የሚሠራውን ነገር የሚይዝበት ነው፤ ጣት የምታክል አረንጓዴ ስስ ነገር፣ የምትነቀል፣ የምትሰካ፣ የምትሸጥ።

ያን ፕሮግራም እንደፈለጉ ያደርጉታል። ያሲር ሥዕሉን አዞ አደረገው። አንድ ቀን ደግሞ የተጠቃሚውን ስም «ሙዲር አያሌው» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝና አነበበልኝ። ሙዲር አለቃ ማለት ነው።

«አሞ፣ ዛሬ አለቃ አንተ። ሐጅ ላንተ ሻይ ያመጣል፣ ኢንሻአላህ» አለኝ።

ሳቅሁ። ስሜን ስክሪን ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ስክሪን ያዘዙትን እንደሚጽፍ ያን ቀን አየሁ፤ ግን ልብ አላልኩም።

ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ያንን ስክሪን ደብተር ላይ እገለብጥ ጀመር። አናቱ ላይ ቀኑን በአማርኛ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛውን ፊደልና ቁጥሩን፣ አዞውን ሳይቀር። ማንበብ አይደለም፤ እጄን ማለማመድ ነው። ዘይነብ ሻይ ይዛ ስትገባ ታሾፍብኛለች።

«አያሌው፣ ይቺ ማሽን በየጠዋቱ ደብዳቤ የምትጽፍልህ ምን ብላ ነው? አግባኝ አለችህ?»

«ጥሎሽ አበዛችብኝ» እላታለሁ።

በዚያ ሰኔ ማሽኑ ያዘግም ጀመር። ደንበኛ ይጮኻል። ሐጅ ያሲርን ሲጠይቀው ያሲር ስክሪኑን ያሳየዋል። «ወላሂ ሐጅ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ይኸው ራሙ፣ አምስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሙሉ! የደከመው የስልክ መስመሩ ነው» ይለዋል። ሐጅም በዓይኑ አየ። ረቡዕ ዕለት ግን ታከተውና «ነገ ከገበያ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ» አለ። ያሲርም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ ከፈትኩ፣ ገለበጥኩ። ረፋድ ላይ ሐጅ ባለሙያውን ይዞ መጣ። ማሽኑ ተከፈተ። ሁለት ራም መኖር ሲገባው አንዱ የለም። ስክሪኑም ያን ቀን ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው የሚለው፤ ግማሹን።

ያሲር አፉን ቀድሞ ከፈተ። «ሐጅ፣ አንተ ራስህ አይተሃል። እስከ ትናንት ሙሉ ነበር። ማታ የቆለፈ ማነው? ጠዋት የከፈተስ?»

ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ሐጅ እጁን ዘረጋ። «ካርድህን።»

ሰጠሁት። ምን አደርጋለሁ?

«የሚስቴ ወንድም ፖሊስ ነው፤ እጠራዋለሁ። እሱ እስኪመጣ ራሙን ካላወጣህ ከእሱ ጋር ትሄዳለህ። ከዚያ በገላባት በኩል ወደ አገርህ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለና ከኋላ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፈብኝ።

መስኮት የላትም። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ የሰኔን ሙቀት ኻርቱም የኖረ ያውቀዋል። እኔን ያላበኝ ግን ሙቀቱ አልነበረም። አብሮኝ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። በከሻ፣ በአፈሳ ማለቴ ነው፣ ተይዞ ሄዶ ሲመለስ በአንድ ጆሮው አይሰማም። ምን እንዳደረጉት ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን እሱን ነበር የማስበው። ሁለቱን ጆሮዎቼን ደጋግሜ እነካ ነበር። መኪና ደጅ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ በሁለት እጄ እከድናቸዋለሁ። ሽንቴ ወጥሮ ያዘኝ፤ በሩን ማንኳኳት ግን ፈራሁ። ያንኳኳሁ እንደሆነ የሚከፍተው ፖሊሱ መሰለኝ።

ከሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ መጥቷል። ዕቃዬን በረበሩ። ራም የለም። ደብተሬ ተገኘ።

ገጽ በገጽ ገለበጠው። አዞ፣ ቁጥር፣ የእኛ ፊደል። ፊቱ ተለወጠ።

«የማሽን ምስጢር በሐበሻ ጽሕፈት። ለማን ነው የምታቀብለው?»

እውነቴን ነው፣ ያኔ ሌባ ብቻ ብሆን ብዬ ተመኘሁ። ሌባ ይገረፋል። ለዚህኛው ምን እንደሚደረግ አላውቅም። «ለትምህርት ነው» አልኩ።

ያሲር ሳቀ። «ያ ዘውል፣ ሰውዬ፣ አሞ ማንበብ የት ያውቃል? ይሥላል እንጂ።»

ፖሊሱ ደብተሩን ደረቴ ላይ ወረወረው። «አንብብ!»

ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁ። ቀኑንና፣ ያሲር ለሐጅ ሲያሳይ መስመሩን ለይቼው ስለነበር፣ የተያዘውን የራም ቁጥር በዐረብኛ እነግራቸው ጀመር። ሰኔ አምስት፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሰኔ ስድስት፣ መቶ ሰማንያ ሰባት። ሰኔ ሰባት፣ ሚተይን ወተላታ፤ ሁለት መቶ ሦስት። ሰኔ ስምንት፣ ሁለት መቶ ሦስት። ሰኔ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ ሦስት።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዱን መስመር ሁለቴ እያነበብኩ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር። አሁንም የሳትኩ መሰለኝ። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ገጽ ገለጥኩ። ሁለት መቶ ሦስት። ሌላ ገለጥኩ። ሁለት መቶ ሦስት። ያሲር ሳቁን አቆመ።

ዓርብ ዓርብ ዝግ ነን፤ ያን ትተን እስከ ረቡዕ አሥራ አምስት ቀን ያው ቁጥር። ሐሙስ ብቻ፣ መቶ አሥራ ስምንት። ያንን ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌው፣ አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም ነበር።

«ቆይ ቆይ» አለ ከገበያ የመጣው ባለሙያ። «የተያዘው ራም በየቀኑ አንድ አይሆንም። አይችልም። ይሄን መስመር ሰው በእጁ ጽፎታል። ፕሮግራሙ የጻፉበትን ነው የሚያሳየው።»

«ያሲር እኔንም እዚያ ላይ አለቃ አድርጎኝ ነበር» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሐጅና ፖሊሱ ወደ ያሲር ዞሩ። ያሲር ኪቦርዱን ያያል። ራሙን የነቀለው ሰኔ ሰባት ሳይገባ ነበር። ማሽኑ እንዳያጋልጠው መስመሩን ሙሉ ብሎ ጻፈበት፤ ባለሙያ ይመጣል ሲባል ረቡዕ ማታ አጠፋውና ጥፋቱን እኔ ላይ ጣለ። ሁሉንም እዚያው ቆሞ ተናገረ።

ዘይነብ ከደጅ ሰምታ ገባች። እግሬ ላይ ወደቀች። «አያሌው፣ በአላህ፣ ይከሰስ አትበል። አንድ ልጄ ነው።»

«እኔስ ያንድ እናት ልጅ አልነበርኩም?» አልኳት። ይክሰሱት ግን አላልኩም።

ያሲር በማግስቱ ራሙን መለሰና ሰኞ ሥራውን ቀጠለ። ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው ተባለ። ሐጅ ለእኔ ያለኝ «ማዓሌሽ» ብቻ ነው፤ ምንም አይደል እንደማለት። ካርዴን ግን መሳቢያው ውስጥ አስቀረው። ስጠይቀው «ቡክራ» ይለኛል፤ ነገ። ያለ ካርድ ከሻ ፈርቼ ክረምቱን በጓሮ መንገድ ተሹለከለክሁ።

በእነዚያ ወራት ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ከኪቦርዱ ላይ ደንበኛ እየጠየቅሁ ለየሁ፤ ያሲር መስመሮቹን የት ገብቶ እንደሚጽፍም ከጀርባው ቆሜ አየሁ። ገለበጥኩ። በኋላ አነበብኩ። አንድ ጠዋት እኔው ጻፍኩበት። የተጠቃሚው ስም ባለበት «አያሌው፣ ካርዱ በሐጅ መሳቢያ»፤ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው በሚናገረው መስመር ደግሞ «መቶ አርባ ሦስት ቀን»። ዐረብኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። አዞውን አልነካሁትም። ደንበኛ ሒሳብ ሊከፍል በመጣ ቁጥር እያነበበ ሐጅን ቀና ብሎ ያየዋል። ሦስተኛው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው ሐጅ መሳቢያውን ሳበ።

ይቅር አላልኩም። ያሲርንም፣ ሐጅንም። ደጅ ላይ መኪና ሲቆም ዛሬም እጄ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። ደብተሩ አለኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳይ ማን ጻፈው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ካርዴ እጄ የገባው እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።