አባቴ አለቀሰ የተባለበት ቀን

ትናንት እናቴ የአባቴን ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው! ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ ቢቸና ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። አሁን ደግሞ ለእናንተ ልጻፍላችሁ። ነገሩ የጀመረው አምና፣ በአባቴ ሙት ዓመት ሰሞን ነው። ደስታዬ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ መከዳቴን መናገር አለብኝ።

የአጎቴ ልጅ ጋሼ ምንያህል ሞጣ ፎቶ ቤት አለው። ያሳደገው አባቴ ነው። ፎቶ ማንሳትም ማተምም ያስተማረኝ ጋሼ ምንያህል ስለሆነ እንደሱ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

እናቴ ለሙት ዓመቱ የአባቴ ፎቶ በትልቁ እንዲታተም ፈለገች። «ጥቁርና ነጭ ይሁንልኝ፤ መስታወትም አይግባበት፣ ፊቱን በእጄ ልዳብሰው» አለችኝ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ በስልኬ ስለነበር ትምህርት ሲዘጋ ይዤው ሞጣ ሄድኩ።

ጥቁርና ነጭ ማተም ቀላል ይመስላችኋል? መጀመሪያ ማተሚያው ሁሉንም ቀለም ቀላቅሎ አተመውና የአባቴ ፊት አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ ምንያህል «አጎቴን ጎመን አስመሰልሽው እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። በጥቁሩ ብቻ ይታተም ስል ደግሞ ጉንጩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ማተሚያው ቀለሙን እንዴት እንደሚረጭ በራሴ የምወስንበት ሶፍትዌር ከኢንተርኔት አውርጄ ስነካካ ሰነበትኩና ነጠብጣቡ ጠፋ።

የቀረው የቀለሙ ምርጫ ነበር። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማተሚያ አለ። የአንዱ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ የሌላው ፒግመንት የሚባለው ነው፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስለቅቀውም። በፒግመንቱ በትንሹ አትሜ ውሃ አንጠባጠብኩበት። ንቅንቅ አላለም!

«ጋሼ፣ ትልቁን በዚህኛው ነው የምታትምልኝ፣ እሺ?»

«እቴ፣ ለአጎቴ ነው እኮ! ደግሞ ለዚህ ትነግሪኛለሽ?»

ትልቁ ወረቀት ገና ስላልመጣ ሥራውን ለእሱ ትቼ ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ፎቶውን ራሱ ይዞት መጣ። ሲያምር! ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። የነፍስ አባታችን ጸሎት አድርሰው ጠበል ሲረጩ ጥቂቱ ፎቶው ላይ አረፈ። ወዲያው ከአባቴ ዓይን ሥር ጥቁር ነገር ተነስቶ በጉንጩ ላይ ቁልቁል ወረደ።

«ኧረ አለቀሰ! ወንድሜ አለቀሰ!» ብላ አክስቴ ጮኸች። ዳሱ ባንድ ጊዜ በለቅሶ ተናወጠ። እናቴ እንባውን ልጥረግለት ብላ በነጠላዋ ስታብሰው ግማሽ ፊቱ ነጠላዋ ላይ ቀረ።

እኔ በሰው መሃል ተሽሎክሉኬ ጋሼ ምንያህል ጋ ደረስኩ።

«በየትኛው ነው ያተምከው?»

«ባልሽው ነዋ።»

«አይደለም!»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለኝ። ዓይን ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም።

በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እናቴ «ምን ጎድሎበት ነው የሚያለቅሰው?» እያለች እንቅልፍ አጣች። ሱባዔ ያዘች፣ ስለት ተሳለች፣ ከሳች። ቀለም ነው ብዬ ብለምናት ደውላ ጋሼ ምንያህልን ጠየቀችው። እሱም «ልጅቷ በመረጠችው ቀለም ነው ያተምኩት» አላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማኝ? «የአባትሽን እንባ ቀለም ትያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በእሱ ውሸት እኔ ውሸታም ሆንኩ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን በፒግመንት ቀለም የሚሠራ ማተሚያ አገኘ። የኮምፒውተር መምህራችንን ለምኜ ያንኑ ፎቶ በአዲሱም፣ ቀለሙ በሚሟሟው በአሮጌውም አተምኩት። ሁለቱን እናቴ ፊት አስቀምጬ ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋትና «አንቺው አንጠባጥቢበት» አልኳት። አንደኛው አለቀሰ። ሁለተኛው ዝም አለ። ደጋግማ ሞከረችው። በመጨረሻ ያላለቀሰውን ደረቷ ላይ አስጠግታ «ለካ ምንም አልጎደለበትም!» አለች።

ቀጥላ ስልኳን አነሳች። «ምንያህል፣ ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ስባንን ማደሬን እያወቅክ?»

ስልኩን ወደ እኔም ጆሮ አስጠጋችው። «የሠርግ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደህናው ማተሚያ ተይዞብኝ… ማን ያውቃል ብዬ» ሲል ሰማሁት።

እኔ አውቃለኋ! ያስተማረኝ እሱ ራሱ አይደል እንዴ?

ማተሚያ ቢያዝበት ይገባኛል። እናቴ ስትመነምን እያወቀ ዝም ማለቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ለበዓል ሲመጣ ተነስቼ ሰላም እለዋለሁ፣ ወንበርም አቀርባለሁ። ድሮ ያነሳሁትን ፎቶ መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነበር፤ አሁን አላሳየውም። እናቴ ግን ያላለቀሰውን ፎቶ ትናንት ሰቀለችው፤ ሌሊቱንም ሙሉ ትተኛለች፣ እኔም ደስታዬን አልደብቅም።

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የዘመድ ፎቶ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ይዛችሁት ብቅ በሉ። አብረን እናትመዋለን። ሲደርቅ ውሃውን የምታንጠባጥቡበት ግን እናንተ ናችሁ፤ እኔን ብቻ አምናችሁ እንዳትሄዱ።