የጋሽ ሳህሉ ግራ ዓይን

ሆሳዕና ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጋሽ ሳህሉ ይጠራል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ንግግር ግን እምብዛም አይሆንለትም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ግራ ዓይኑ መፍሰስ ይጀምራል። «ሰውዬው እኮ ለኛ እያለቀሰ ነው» ይባባሉና አፍረው ይታረቃሉ። ያ ዓይን ሻይ ሲጠጣም፣ ቅርጫ ሲካፈልም እንደሚፈስ የምናውቅ ጥቂት ነን።

ሚስቱ ሐዳሳ ግን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። ግራውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ የምታየው ቀኙን ነው። እናቷ ሀደሮ ከተማ ሲቀበሩ ሰው ሁሉ «አማች ማለት እንዲህ ነው» ሲል እሷ ቀኙን አየች። ደረቅ። ሆሳዕና አልመለስም ብላ እዚያው ወንድሟ ቤት ቀረች።

ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ለራሱ ሽማግሌ መላክ አፈረ። በዚህ መሀል ዓይኑና አፍንጫው መካከል እብጠት ወጣ። ጠብታ ተሰጠው፣ አልሰራም። አዲስ አበባ ሄዶ ሐኪሙ እብጠቱን ጫን ሲያደርገው መግል ወጣ። እንባ የሚወርድበት ቱቦ ተደፍኗል፣ ወደ አፍንጫ ሌላ መንገድ ይከፈትለት ተባለ። ቀደው ከፈቱለት፤ እንዳይዘጋም ቀጭን ላስቲክ አስገብተው ከወራት በኋላ አወጡለት። የዓይኑ እንባ ቀጥ አለ።

አስታራቂ ጓደኞቹ ከሱ በላይ አዘኑ። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ዳኘ «እንግዲህ በደረቁ ሞክራት» እያለ ሀደሮ ድረስ ሸኘው። የነገረኝም እሱ ነው።

ሐዳሳ ጀርባዋን ሰጥታ ቦሎቄ ትለቅማለች። ጋሽ ሳህሉ ስለ አማቱ ማውራት ጀመረ። ገና ሀደሮ ተመድቦ ወባ የጣለው ጊዜ አጥሚት ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ ካልጨረሰ አይሄዱም ነበር። «ያን አጥሚት…» አለና ቆመ። አፍንጫውን ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«ጉንፋን ነው?» አለች ሳትዞር።

«አይ፣ ሐኪሙ ነው። በዚህ በኩል አዙሮታል።»

ዞረች። ቀኝ ዓይኑን አየች፤ ርሷል። ገብታ ሶፍት አመጣችለት።

«የምስክር አባት፣ አፍንጫህን ጥረግ፤ ሰው ያይሃል» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፤ ልብሷን ልትሰበስብም ተመልሳ ገባች።

መንገዱን ሙሉ የዕርቅ ንግግር ሲያጠና የሄደው ዳኘ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ። እስካሁን ይቆጨዋል።