መጨረሻው ከሱቅ አይወጣም

ጥሩ መጽሐፍ አይረሳም ይባላል። ይረሳል። እንዲያውም ቀድሞ የሚረሳው ጥሩው ነው፤ መጥፎውን እስኪያንገፈግፈን ድረስ እናስታውሰዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ መጽሐፍ ወዳዶች ነን የምንል ስድስት ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ እንደ ልማዳችን ደራሲ ስናነሳና ስንጥል ዋልን። ልንበተን ስንል እኔ የዘወትር ጥያቄዬን ጠየቅኩ፤ አንዲት ነርስ አባቷን የገደለውን ሰው የምታስታምምበት ልቦለድ ማን ያውቃል? አንድ ወጣት መምህር ወዲያው፣ «እሱማ! መጨረሻ ላይ ይጋባሉ» አለኝ። ርዕሱን ግን አያውቅም። ደራሲውንም አያውቅም። አምና ሌላው፣ «ራሷን ትሰቅላለች» ብሎኝ ነበር። የኛ አገር አንባቢ ሁሉንም ይረሳል፤ አላውቅም ማለት ብቻ አይሆንለትም። ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ነፋሱ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ከሆነው ከሰይድ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን፣ አንድ መጽሐፍ በየተራ ጮክ ብለን እናነባለን። ይህች ከተማ ብርድ ልብስ የምትሠራው ወዳ አይደለም።

መጽሐፍ የሚያከራዩን ጋሽ በየነ ነበሩ። መጻሕፍታቸው በሰው እጅ ብዛት ሽፋናቸውም የርዕስ ገጻቸውም አልቆ፣ ሁሉም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብጠዋል። ሰው እየወሰደ አልመልስ ሲላቸው አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የእያንዳንዱን ልቦለድ የመጨረሻ አሥራ ስድስት ገጽ ገንጥለው፣ በክር አስረው ሳጥን ውስጥ ደረደሩት። መጽሐፉን ስትመልስ መጨረሻውን ይሰጡህና እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቆመህ ትጨርሳለህ። የትኛው መጨረሻ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምልክት ቢያደርጉበት እንሰርቃለንና።

የነርሷን ታሪክ የወሰድነው በጥቅምት፣ እሸት ባቄላ በምንፈለፍልበት ሰሞን ነው። እጃችን ላይ ያለው የሚያበቃው ነርሷ መርፌውን ይዛ ወደ ሰውየው አልጋ ስትዞር ነበር።

«ትገድለዋለች» አልኩ።

«አትገድለውም! አንተ እኮ ሰው ሁሉ እንዳንተ ክፉ ይመስልሃል» አለ ሰይድ።

«አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ ያንተ እናት ይመስልሃል።»

ሲስቅ ጎኑን ያዘ። ጎኑን መያዝ ከጀመረ ሰንብቷል። በማግስቱ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አደረ፤ አጎቱ መጥቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። መጽሐፉን ጋቢው ውስጥ ይዞ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ከአልዩ አምባ የመጣ ነጋዴ፣ «ሰይድ በጣም ደክሟል። መጨረሻውን ይዘህ ድረስልኝ ብሎሃል» አለኝ።

ጋሽ በየነ ዘንድ ሮጥኩ።

«መጽሐፉስ?» አሉኝ።

«እሱ ጋ ነው ጋሼ። ሊሞትብኝ ነው።»

«መጽሐፍ የወሰደብኝ ሁሉ ጓደኛው ይታመማል።»

«እንግዲያው እዚሁ አንብቤ በቃሌ ልንገረው።»

«አንዴ ከጨረስከው ምን ይመልስሃል? መጽሐፉን አምጣ። መጨረሻው ከሱቅ አይወጣም።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ወንበራቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቅዳሴ ሄዱ። የተጋደመ ወንበር በኛ ሰፈር ከቁልፍ ይበልጣል፤ ማንም አይሻገረውም። ተሻገርኩት። የነርሷን መጨረሻ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ ከግራ ሦስተኛው። መዝዤ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።

አንኮበር ድረስ በጭነት መኪና ሄጄ አደርኩ፤ ማለዳ ቁልቁለቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ጉሙ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ገብሱ ለማሽላ ቦታውን እየለቀቀ፣ ሙቀቱ ከታች ተቀበለኝ። ወረቀቱ በላብ እንዳይበሰብስ አውጥቼ በእጄ ያዝኩት። ላነበው እችል ነበር። አብረን እንጨርሰዋለን ብዬ ተውኩት። በሕይወቴ ካሳየሁት ጨዋነት ሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እናቱ እማማ ከድጃ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ና ልጄ፤ መጣ ወይ መጣ ወይ ሲል ነው ያደረው።»

ሰይድ ልጅ አክሎ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «ገደለችው?» አለኝ።

ክሩን ፈታሁ። ሁለት ወንድማማቾች በበቅሎ ይጣላሉ። የሚቀጥለው ገጽ ላይም በቅሎ ነው። ነርስ የለችም። ከኛ በኋላ የሌላ መጽሐፍ መጨረሻ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተራውን አዛብቶታል።

«አንብብ እንጂ!»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ከራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች አልኩ። ሰውየው ድኖ ሲወጣ ማንነቷን ነገረችው፤ እግሯ ላይ ወደቀ። ክርክራችንን ለቀቅኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ወላሂ ያምራል» አለ። «ግን አንድም ገጽ አልገለጥክም።»

«ሰይድ፣ እኔ...»

«ደግሞ አንተ መች ተሸንፈህ ታውቃለህ?» ሊስቅ ሲል ሳል አቋረጠው። መጽሐፉን ከትራሱ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አደረገ። «እውነተኛውን አምጣልኝ። አሁኑኑ ተነስ።»

ተነሳሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አርብ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ስደርስ ጋሽ በየነ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በር ላይ ተቀምጠው፣ አላፊ አግዳሚውን አንድ በአንድ ያያሉ። ሌባቸውን ነው የሚፈልጉት። መጽሐፉም፣ የሰረቅኩትም እጄ ላይ ነበር፤ አሥር እርምጃ ቀርቶኛል። አፈርኩ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ዞርኩ።

በማግስቱ መርዶ መጣ። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀብረውታል። «እንግዲያው ብትሄድም አትደርስለትም ነበር» እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ። እኔ ግን ፊቴን ሳዞር ይህን አላውቅም ነበር። ወደዚያ ሱቅ ለመሄድ ድፍረቱ ሲመጣልኝ ሱቁ ፈርሷል፤ ጋሽ በየነም የሉም።

ዛሬ ብዙ ያነበበ ሰው ይሉኛል። ያነበብኩት ሁሉ ያችን አንዲት ጥራዝ ፍለጋ መሆኑን አያውቁም። ቤቴ ውስጥ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍና መጽሐፍ የሌለው መጨረሻ አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ አይገጥሙም። የወንድማማቾቹን ነገር ሳያውቅ የቀረ አንባቢም የሆነ ቦታ አለ፤ የሱም ዕዳ የኔ ነው።

ማጽናኛ ይብቃኝ። ግምትም አልፈልግም። ተነሱና መደርደሪያችሁን፣ የአባቶቻችሁን ሣጥን ፈትሹ። ነርሷ ወደ አልጋው ከዞረች በኋላ ያለው ገጽ ካላችሁ ላኩልኝ።