ከሐረጎ በፊት የተቀየረ ዘይት

የተቃጠለ ዘይት ገና ትኩስ ሳለ እጅህ ላይ ፈስሶ የማያውቅ ከሆነ፣ መኪና አለኝ አትበለኝ። ከሥር ተጋድመህ ቡሎኑን ስትፈታ መጀመሪያ ምንም አይወጣም። ከዚያ ባንዴ ይለቀቅና በእጅጌህ ገብቶ እስከ ክርንህ ይወርዳል። ያቃጥላል እንጂ አያቆስልም። ሽታው የብረትና የከሰል ነው፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም።

ትናንት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ከአሮጌው መኪናዬ ሥር ሆኜ ስፈታ እንደ ልማዱ እጅጌዬ ገባ። ሚስቴ ከበረንዳ ላይ ሆና፣ «ሰው ሁሉ ማደያ ወስዶ ያስቀይራል፤ አንተ ብቻ እንደ አይጥ መሬት ለመሬት» አለችኝ።   ዘይቱ ክርኔ ላይ ሲደርስ የድሮው የሆጤ ሰፈር ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ልንገርህ። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ታገሠኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ወልጄ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ብዬ ነው። ለዚህ የማመሰግነው ሰው የለኝም። የምወቅሰው ግን አለኝ፤ አባቴን።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አፍንጫዋ የረዘመ፣ አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችው። እኅቴን ትምህርት ቤት ላካት፤ እኔን ከመኪናዋ ሥር አስገባኝ። «መኪና ፊደል አይጠይቅም» ይል ነበር። መኪና አይጠይቅ ይሆናል፤ አገር ግን ይጠይቃል። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ይኼ ምን ይላል?» እያልሁ ሰው ስለምን ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ይቅር ብዬዋለሁ ብልህ ዋሽቼሃለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ኮምቦልቻ የተዳረችው እኅቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ የቤታችን የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። አቂቃው የሚታረድበትና ስም የሚወጣበት ቀን ተቆረጠ። አባቴ ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «በእኔ መኪና ነው የምትወርዱት» አለ። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት፣ በግ እየጎተተች ከኩታበር መጣች። የሰፈር ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሊመጡ ተስማሙ። በማግስቱ ማለዳ አባቴ ይህን ሁሉ ሰው ጭኖ ሐረጎን ሊወርድ ነው።

ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። ባንድ በኩል ተራራ፣ ባንድ በኩል ገደል፣ በመሐል ጉም።

በዋዜማው፣ የከሰዓቱ አስር ሶላት ሳይደርስ፣ አባቴ ሞተሩን አስነስቶ አሞቀው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ቆሻሻውን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይቀራል፣ ሲሞቅ ነው ሁሉን ጠርጎ የሚወጣው ይል ነበር። ከዚያ አጥፍቶ ከሥር ገባ። እኔም ሳፋውን ይዤ አጠገቡ ተጋደምሁ። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እየተጥመለመለ ወረደ። የከሰዓቱ ፀሐይ በጎማዎቹ መሐል ገብታ ሳፋው ላይ ታበራ ነበር። አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁለት፤ የአዲሱን የጎማ ቀለበት አባቴ በጣቱ ዘይት ቀብቶ ፊልትሮውን በመዳፉ አጠበቀው። «ይህን ሥራ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል» ይሉት ነበር ሾፌሮቹ። እኔም ሲሉት ደስ ይለኝ ነበር።

አክስቴ ግድግዳ ተደግፋ፣ የበጉን ገመድ እግሯ ላይ ጠምጥማ ታየን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ብረት ስትቀባባ ሚስትህ አትቀናም?»

«እሷ ብትቀባም ዳገት አትወጣም» አለ አባቴ ከሥር ሆኖ።

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ ከጓዳ።

አክስቴ ሳቀችና፣ «አርጅተሃል ወንድም ዓለም» አለችው። «ቅድም ስገባ አሰላሙ አለይኩም ብልህ፣ ማን ነሽ አልኸኝ እኮ።»

«ድምፅሽ ተቀይሮብኝ ነው።»

«ፊቴስ?»

አባቴ ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈና አዲሱን ዘይት ቂጡ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ሞተሩ ውስጥ ያንቆረቁር ጀመር። ጀሪካኑን ሲያጋምስ አቆመ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ከተተ፣ እንደገና መዘዘና ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ተመለከተው። ብዙ ቆየ።

«ደርሷል» አለ። «ክደነው።»

ትከሻው ሥር ነበርሁ። ዘንጉ ላይ ሁለት የተቀረጹ መስመሮች አሉ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሐል መሆን አለበት። የረጠበው ግን ጫፉ ብቻ ነው። ከታችኛው መስመር በታች።

«አባዬ፣ ትንሽ ቢጨመር…»

«እኔ ዓይን የለኝም?»

 ያን ጊዜ ብዙ ነገር ገጠመልኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጋቢና ውስጥ ስንሆን፣ «ዝም አትበል፣ ተጫወት። ከፊታችን ምን አለ?» ይለኝ ጀምሮ ነበር። ጨዋታ የወደደ መስሎኝ አህያውንም ሰውንም እነግረዋለሁ። ጉም ሲሆን የፊተኛውን መኪና መብራት መከተል የሾፌር ሁሉ ልማድ ነው፤ እሱ ግን ፀሐይ በወጣበትም መከተል ጀምሮ ነበር። የፊተኛው ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። እኔ ትዕግሥት መስሎኝ።

አባቴ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ውሃው ሄደ። ከዚያም ለሶላት ወደ ቤት ገባ። ጀሪካኑን አንስቼ የቀረውን ጨመርሁ፤ ዘንጉን መዝዤ ሳይ ከላይኛው መስመር ደርሷል። ሞተሩ ዳነ። ነገሩ ግን ሞተሩ አልነበረም።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ያያል?» አለችኝ።

«አያይም።»

«ጠርጥሬ ነበር። ወጥ ሳቀርብለት ሥጋውን በጣቱ እየፈለገ ነው።»

«እንግዲያ ንገሪው።»

«እኔ ይህን ከነገርሁት ሰው ፊት አይወጣም፤ ተኝቶ ይቀራል። አንተ ንገረው።»

«በመፍቻ ነው የሚለኝ።»

እናቴ ወደ መኪናዋ ዞረች። «በል እንግዲህ፣ ነገ ጋቢና አጠገቡ እኔ እቀመጣለሁ። ከሄድንም አብረን ነው የምንሄደው።»

«ሴቶቹስ? ሕፃናቱስ?»

«አላህ ያውቃል» ብላ ገባች።

አባቴን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም። ፊደል የነፈገኝ አንሶ እናቴን ገደል ሊከትብኝ ነው አልሁ። ማታውን አንድ ነገር ልፍታባት፣ ጠዋት እንዳትነሣ ላድርጋት ብዬም አሰብሁ። ግን ያን ጊዜ መኪና ተከራይቶም፣ ለምኖም ይወርድ ነበር። የሚነዳ ሰው ነኝ ብሎ ተናግሯላ። ዛሬ አፈር ተጭኖት ስለ እሱ እንዲህ ማውራት ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን ከግቢው በር እስከ ጓዳው በር እየተመላለስሁ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

ሶላቱን ጨርሶ ሲወጣ እኔ በመኪናዋ ወዲያኛው ጎን ሸራ እያጠፍሁ ነበር። አክስቴም በጉን ልታጠጣ ሄዳለች። ብቻውን የሆነ መሰለው። ኮፈኑን ከፈተና ዘንጉን መዘዘ። አሁን ወደ ፀሐይ ቀና አላደረገውም። አውራ ጣቱን ከጫፉ ጀምሮ ቀስ አድርጎ አስኬደ፤ መስመሮቹን በጥፍሩ ዳሰሰ። ቆመ። ጠርጎ መልሶ ከተተና እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሲዳብስ ጀሪካኑን አገኘው። አነሳው። ባዶ ነው።

«አንተ» ብሎ ጠራኝ። የት እንዳለሁ አልፈለገም፤ ዝም ብሎ ወደ ሞተሩ ነው የጠራኝ።

«አቤት።»

«የጨመርኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስንት ላይ ነበር?»

«ከታችኛው መስመር በታች።»

«እኔ ምን አልሁ?»

«ደርሷል ነው ያሉት።»

ዘንጉን ወደ ቦታው ሊመልስ ሲሞክር ቀዳዳውን ሳተው። እንደገና ሳተው። ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማኛል። ሄጄ ላግዘው አልሁና ተውሁት። በሦስተኛው ገባለት።

«ነገ የሚወርዱት ሴቶች ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፣ አባዬ።»

«ሕፃናትም አሉ።»

«አሉ።»

ኮፈኑን ዘጋና መዳፉን ላዩ ላይ አስቀምጦ ቆየ። «ውጣና አስነሳት» አለኝ።

ወጣሁ። ቁልፉን ሳዞር የዘይቱ መብራት ቀይ ሆኖ ቆየ፤ አዲሱ ፊልትሮ እስኪሞላ ሞተሩ ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

«ጠፍቷል» አልሁት በመስኮት።

«ሰምቻለሁ» አለ። ሞተሩ ሲለዝብ ሰምቶት ነው።

ልወርድ በሩን ስከፍት፣ «አትውረድ» አለኝ። በኮፈኑ ላይ መዳፉን እያስኬደ በፊት በኩል ዞረና የወዲያኛውን በር ከፍቶ ገባ። በዚያ በኩል ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። እግሩን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ይገላብጠው ነበር።

«ነገም እዚያው ነህ» አለ።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ፤ ባዶዋን እንጂ ሰው ጭኜ ነድቻት አላውቅም።»

«ገደል ከሚይዘን ትራፊክ ቢይዘን ይሻላል።»

  ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሩን በሁለት እጄ ይዤ ወረድሁ።

ጠዋት ሴቶቹ ሲሳፈሩ አክስቴ መሪው ላይ እኔን አይታ ቀጥ አለች። «ኧረ ያ አላህ፣ ይኼ ልጅ ነው የሚነዳን? እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።»

አባቴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ዓይኔ አያይም» አላት። «እሱ ከነዳት ትድኛለሽ። ነይ፣ ላይ ውጪ።»

አክስቴ አፏን ይዛ ወጣች። እናቴም ጋቢና እቀመጣለሁ ያለችውን ትታ፣ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ወጥታ አንዱን ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ያን ሳይ ማርሽ አስገባሁ።

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። መንገዱ ከአፍንጫችን ወዲያ አይታይም፤ እኔም ከሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። አባቴ ግን መንገዱን በወገቡ ያውቀዋል። «አሁን ወደ ግራ ትዞራለች። ማርሽ ቀንስ። ፍሬኗን አታባክን፣ በሞተር ያዛት።» እንዳለው ትዞራለች። «አብሽር፣ እዚህ ሰፊ ነው። እለፍ።» ሰፊ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከኋላ አክስቴ ሰለዋት ስታወርድ፣ በጉም ሲጮህ ይሰማል። አንዲት መታጠፊያ አልተሳሳተም።

ታች ስንደርስ ጉሙ ቀረና የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮቱ ገባ።

«ወረድን?» አለኝ።

«ወረድን፣ አባዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጭንቅላቱን በሩ ላይ አስደገፈ።

እኅቴ ቤት በር ላይ መኪናዋን ሳቆም እንቅልፍ ወስዶታል። አፉ ተከፍቶ፣ እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘርግተው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስጓዝ መኪና ውስጥ ሲተኛ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሴቶቹ እልልታውን ይዘው ወረዱ። አክስቴ በሩን እየደበደበች፣ «አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ልጅህን አታይም?» አለች። እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ ትንሽ ይተኛ» አለች።

ሁሉም ወደ ቤት ገቡ፤ እኔ ከመሪው ሳልነሣ ቀረሁ። ሾፌር የሚነቃው ሞተር ሲጠፋ ነው። አላጠፋሁትም።