የኤርካሎ አንዲት ድምፅ

ኤርካሎ ዕድሜ ልኩን የነፋው አንዲት ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም፤ የሚስቀው ግን ዲንኬን የማያውቅ ነው። ዲንኬ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዲንኬ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ነፊም ተራው እስኪደርስ ታግሦ የራሱን ጣል ያደርጋል። ኤርካሎ ዲንኬውን ከአባቱ ሲወርስ ድምፂቱንም አብሮ ወረሰ።

በ1948 ዓ.ም. አብሮ አደጉ ዳልጮ አኮርዲዮን ይዞ ሶዶ ገባና «ያባቶቻችንን ዜማ በዘመናዊ እንጫወተው» አለው። ከበሮ መቺ ጨምረው ባንድ መሠረቱ። ከቤሌ እስከ ዲምቱ እነሱ ያልተጫወቱበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር። አኮርዲዮኑና ከበሮው ድንገት ቆም ይላሉ፤ በዚያች ክፍተት ኤርካሎ ድምፁን ይለቃታል፤ ሰዉ ያብዳል።

ዋጋውን የከፈለው ግን እሱ ነው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች «ወይ ዘፈኑን ወይ ማኅበሩን» ሲሉት ዘፈኑን መረጠ። ሚስቱ አስካለች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ብቻዋን ሄደች። «ዳልጮን እንዴት ጥዬው እገባለሁ?» ይላት ነበር። የዋህ!

በ1959 ዳልጮ አኮርዲዮኑን ትቶ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛ። አንድ ጠዋት ከኤርካሎ ደጅ እንሰቱ ጥላ ሥር መጥቶ ተቀመጠና «ኢሻው፣ ወንድሜ፣ እስቲ ንፋልኝ» አለው። ነፋለት። «ድገምልኝ።» ደገመለት። ያቺ ድምፅ ጊታሩ ላይ አልገኝ ስላለች፣ ዳልጮ አንዱን ክር ለእሷ ብቻ ያላላል፣ ያጠብቃል። ኤርካሎ ከንፈሩ እስኪያብጥ ነፋለት፤ ደስ ብሎት! አስካለችም ቦዬ ቀቅላ አበላቻቸው።

ዳልጮ ሲወጣ «ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄደን ለሬዲዮ እንጫወታለን» አለው። ቅዳሜ ኤርካሎ ዲንኬውን በነጠላ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ቢደርስ ማንም የለም። ሐሙስ ሄደዋል።

ዘፈኑ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰዉ የጉራጌው ነጋዴ የገበየው ሱቅ ደጅ ተሰብስቦ ነበር። ክፍተቷ ስትደርስ የኤርካሎ ከንፈር ሳያውቀው ሾለ። ጊታሩ ቀድሞት ገባ። ድምፂቱ የራሱ ነች፤ ልክ የራሱ። ሰዉ አጨበጨበ። ገበየው ብቻ አቀርቅሮ ሬዲዮውን ቀነሰው። ለኤርካሎ ያኔ ገባው። ያን ጠዋት በገዛ ትንፋሹ ቦታውን አስረክቦ ኖሯል።

በዘመን መለወጫው በጊፋታ ዋዜማ ዳልጮ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ፤ ጊታሩን አንግቶ።

«ኢሻው፣ አትቀየመኝ። ሬዲዮ ጣቢያው ለሁሉም ቦታ የለም አሉን፤ አንተ ደግሞ የምትነፋው አንዲት ድምፅ ብቻ ነው። አሁን ክሩ ከቅኝቱ ወጣብኝ። ነገ በዓሉ ላይ እንጫወታለን፤ አንዴ ብቻ ንፋልኝ።»

ኤርካሎ «አብረን እንጫወት» የሚለውን ነበር የሚጠብቀው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ሁሉ ተደርጎበትም ቢለው ኖሮ ይሄድ ነበር። ዳልጮ ግን ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ ክሩን ያዘ።

ኤርካሎ ጓዳ ገብቶ ዲንኬውን አመጣና እጁ ላይ አኖረለት።

«እንካ፣ አንተ ንፋው። አንዲት ድምፅ ብቻ ናት።»

ዳልጮ ጉንጩን ወጥሮ ነፋ። በቀንዱ በኩል ባዶ ትንፋሽ ወጣ። አስካለች በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ ዛሬ ቦዬ አልቀቀለችም።

«ድገምልኝ» አለው ኤርካሎ።